የሚዞረው ጉድጓድ ቅኔ ማህሌት

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር ፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለወንድምዓለም፣

የአዲስ አበባ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? የዩኒቨርሲቲው መጽሐፍስ እንቅልፍ ሰጠህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናታችን ወገቧን ተሽሏታል። ስለ እኔ ግን "ደህና" ያልኩህን ደብዳቤው እስኪያልቅ አትመነው።

ባለፈው ክረምት ስትመጣ ከማርያም ግቢ፣ ከወይራው ሥር፣ በእንጨት ጫፍ መሬቱ ላይ የሣልክልኝን ታስታውሳለህ? ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ። የሚሽከረከረው ዓይነት እንደ ቤተ ክርስቲያናችን በክብ ውስጥ ክብ ነው አልከኝ። ከውጭ ቅኔ ማህሌቱ፤ እዚያ የገባ ቆሞ መቆየት አይችልም፣ ጠፈሩ ራሱ ይዞት ይዞራል፤ መውጣት ግን ይችላል። ቀጥሎ የቅድስቱ በር፤ እሱን ያለፈ አይመለስም። ከዚያ ወዲያ የመቅደሱ ግድግዳ፣ ሁለተኛው አጥር፤ በዚያ ውስጥ ስላለው የእናንተ መምህራንም ይከራከራሉ። አለቃ ወልደ ሩፋኤል ቢሰሙ ቤተ ክርስቲያንን በጉድጓድ መሰልክ ብለው ይገዝቱሃል ብዬህ ሳቅን።

አሁን አልስቅም።

በኅዳር ከሮብ ገበያ ሽማግሌዎች መጡ። አባታችን ከጓዳ ጠርተው፣ "ሊያገቡሽ ይፈልጋሉ፤ ምን ትያለሽ?" አሉኝ። ታውቀኛለህ፣ ምላሴ ተሳሰረ። ካልተንቀሳቀስኩ ነገሩ የሚያልፈኝ መስሎኝ መሬት መሬት አየሁ። አክስታችን ማንጠግቦሽ እልል አለች። "የጨዋ ልጅ እሺታዋ ዝምታዋ ነው! ደግሞ ከዚች አፍ ቃል እስኪወጣ ብንጠብቅ ሙሽራውም ይሸብታል!" ስትል ሁሉም ሳቁ። ቆሜያለሁ ስል ለካ ይዘውኝ ይዞሩ ኖሯል። ቀን ተቆረጠ፣ ጌሾ ተወቀጠ፣ ጥሎሹም ቀድሞ መጣ። ሠርጉ ከአስተርእዮ ማርያም ቀጥሎ ባለው እሁድ ነው። ያ እሁድ የቅድስቱ በር ነው፤ ካለፍኩት ስድስተኛ ክፍልን የምጨርስበት መንገድ የለም።

አንድ ቀን ጨክኜ ለእናታችን አልፈልግም አልኳት። "አባትሽ ቃል ከሰጡ ወዲያ? ምነው ያኔ አፍሽን ማን ሰፋው?" አለችና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ውኃ ለመቅዳት እንኳ ብቻዬን አልላክም።

ስለዚህ ያልከኝን መልሼ አሰብኩት። በዚያ ቅኔ ማህሌት ዙሩን የሚቋቋም የለም፤ አብሮ የዞረ ግን አንድ ነገር ወደ ውስጥ ጥሎ፣ ከገባበት በበለጠ ጉልበት ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል ብለኸኝ ነበር። ጥሎሽ ለምን ጥሎሽ እንደተባለ አሁን ገባኝ።

እንግዲህ እሺ ብያለሁ። ብቅሉን እኔው ራሴ አሰጣሁ። ለአስተርእዮ ንግሥ የጥሎሹን ካባ ልልበስ ብላት ማንጠግቦሽ "አፏ ተፈታ! እሰይ!" ብላ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ሲዞር እኔም ከሕዝቡ ጋር እዞራለሁ። ሁለቱን ዙር ከእናታችን ጎን ነኝ።

ካባው ግን ይከብዳል።

ይህን የሚያደርስልህ ነጋዴው ፈንታ ነው፤ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ስለሚወድ አላስረዝምበትም። በበዓሉ ማግስት ወደ ማታ ግን ከአውቶቡስ ተራ አትጥፋ። ከአገር ቤት አንድ ዕቃ ይመጣልሃል። ካላየኸው አይጣራምና ዓይንህን ክፈት።

እመቤታችን አንተን በጥላዋ ታኑርህ፤ እናታችንንም በዚያ ቀን ታጽናናልኝ።

ታናሽ እህትህ፣
ከበሩ ወዲህ