የእናቴን ኦርኪድ «ጄኔራሉ» ብለው ለሾሙት ሰብሳቢ

ለተከበሩ የኦርኪድ ዳኞች ጉባኤ ሰብሳቢ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለመላ አካልዎ በተለይም ለዓይንዎ የተሟላ ጤንነት እመኛለሁ፤ በሥራ ብዛት ዕረፍት ላይ እንዳለ በቅርብ ታዝቤያለሁና።

እኔ ሊፍት የምጠግን ሰው ነኝ። ስለ አበባ የማውቀው እናቴ ያሳየችኝን ብቻ ነው። እናቴ አንዲት ነጭ ኦርኪድ ነበረቻት፤ እንፋሎት ትወዳለች ብላ በመታጠቢያ ቤታችን መስኮት ላይ፣ ቂጡ በተበሳሳ አሮጌ ድስት ውስጥ አኖረቻት፤ እኛም ልጆቿ ሳሙና እንዳይነካት ጀርባችንን እየሰጠናት ታጥበን አደግን። ደስ ሲላት እንጂ ስለማታብብ «አኩራፊዋ» ትላት ነበር። ሕመም አልጋ ላይ ያዋላት ጊዜ «አንድ ቀን የአበባ ትርዒት ላይ አውጣልኝ፤ ስሟንም አስመዝግብላት» አለችኝ፤ ያን ቀን ሳታይ አረፈች። ከለቅሶው በኋላ የእህቴ ባል፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጄኔራሉ» የሚለው፣ ማስታወሻ ትሁነኝ ብሎ ቢለምነኝ፣ ተክሏን በእህቴ መክተፊያ ላይ ለሁለት ከፍዬ እኩሌታዋን ሰጠሁት። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ባለፈው ትርዒት ፊትዎ የቀረቡት ሁለት ተክሎች አንዲት ተክል ነበሩ። ቅሬታዬንም በትሕትና እዘረዝራለሁ።

፩ኛ፦ ጠረጴዛዬ ጋ ሲደርሱ አበባዋን ትተው ድስቷን በመመልከት «ይህን ማን አስገባው? ወጥ ቤቱ በዚያ በኩል ነው» ብለዋል። ስላመላከቱኝ አመሰግናለሁ። ቀጥሎም ጎንበስ እንኳ ሳይሉ «ከንፈር» የምትሉት የአበባዋ ታችኛው ቅጠል የተንሻፈፈ መሆኑን ከቁመትዎ ላይ ሆነው ማየት በመቻልዎ ተደንቄያለሁ።

፪ኛ፦ ጥቂት ጠረጴዛዎች አልፈው፣ የእህቴ ባል በጥቁር ከፋይና በመብራት ያጀባትን እኩሌታ ሲያዩ ግን ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «እንዲህ ያለ ከንፈር በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ፤ ማስመሪያዎንም መዝዘው ለኩ፤ የወርቅ ሜዳሊያም ሰጡ። አይተዋል እኮ ክቡር ሆይ፤ ከአፍታ በፊት የተንሻፈፈው ያው ከንፈር ነበር። አበው «ልብ ካላየ ዓይን አይፈርድም» ሲሉ ስለ ከፋይ ጨርቅ ባለማሰባቸው እኔ ስለ እነርሱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፫ኛ፦ ይኸኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። ተሸላሚውን ተክል የመሰየም መብት የባለቤቱ ነው ተብሎ፣ የእህቴ ባል ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ በገዛ ቅጽል ስሙ «ጄኔራሉ» ብሎ ሰየማት፤ እናንተም አጨበጨባችሁ። በማግስቱ ቢሮዎ ስንመጣ እህቴ ባሏ አጠገቧ እንደተቀመጠ «በእኔ መክተፊያ ላይ ነው የተቆረጠችው፤ የእማዬ ናት» አለች። እርሱ ጫማውን ሲመለከት፣ ይህቺ አጭር ቃል እህቴን ቤቷ ስትገባ ምን እንደምታስከፍላት እኔ አውቅ ነበር። እርስዎ ግን ፈገግ ብለው «እንግዲያው ደስ ይበልዎ፤ በደንባችን መሠረት የእርስዎም ከዛሬ ጀምሮ ‹ጄኔራሉ› ትባላለች» ብለው ሸኙን። የአንዷን ስም ላስመልስ መጥቼ የሁለቱንም አስረክቤ ስለተመለስኩ ለፈጣን አገልግሎትዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

፬ኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ ስጽፈው ቃላቱ ለክብርዎ የማይመጥኑ እየሆኑብኝ ትቼዋለሁ።

ሰሞኑን እህቴ እኩሌታዋን ከነሜዳሊያዋ ታቅፋ ቤቴ መጣች። ባሏን ምን ብላው እንደመጣች አልጠየቅኋትም። ተክሏን ከእኔዋ ጎን መስኮቱ ላይ አስቀምጣ፣ የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና «ይሄን ሁሉ ዓመት ጄኔራል ፊት ራቁታችንን ስንቆም ኖረናል ለካ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ እኔም ጎረቤት እንዳይሰማን ቧንቧውን ከፍቼ አብሬያት ተቀመጥኩ። ሜዳሊያውን በዚህ ደብዳቤ ሸኚነት መልሰናል፤ የምንለምነው እናታችን ያወጣችላት ስም፣ «አኩራፊዋ»፣ እንዲመለስልን ብቻ ነው።

የጉባኤው ጥበብ እንዳይጎድልብን፣ ማስመሪያዎም እንዳይሰበርብዎ ዘወትር እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ፤ ጎንበስ ማለት እንደሚቻል ለማሳየት ጭምር።

አክባሪዎ፣
ሊፍት ጠጋኙ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጉባኤዎ በመጪው ትርዒት ውሾችንም ሊዳኝ መሆኑን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። አበባ የተፈረደበትን ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ውሻ ግን ይግባኙን እዚያው ይጠይቃል፤ ስለዚህ ወፍራም ሱሪ እንዲለብሱ በአክብሮት እመክራለሁ።