ሦስተኛው ሐይቅ ላይ የታሰረው ሸሚዝህ

ይድረስ ለምወድህ፣ ለማከብርህ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለምቀናብህ ታላቅ ወንድሜ፤

ወንድም ጋሼ፣ ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሳብህ ጉልበትህ ተሻለው? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የእማዬ ደም ግፊት ወረድ ብሏል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። አባባም ደህና ነው፤ ዓይኑ ብቻ ደከመ። አጠገቡ የቆመ ሰው እንኳ ጥላ ነው የሚመስለው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ጀልባ ላይ እንዳይወጣ ስለከለከለው ይኸው ስድስት ወሩ፣ ቤት ተቀምጦ በር በሩን ያያል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። በማን እንደተናደድኩ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

አባባ ሐይቅ ሲወርድ ይዞ የሚሄደው አንተን ነበር። እኔን "የአንተ እጅ ለመርፌ ነው የተፈጠረው" እያለ እማዬ ጋ ይተወኝ ነበር፤ ይኸው እንዳለው ልብስ ሰፊ ሆኜ ቀረሁ። ከሄድክ አሥራ አንድ ዓመት ሞላህ፤ እዚህ ቤት ግን ዛሬም ዓሣ አጥማጁ አንተ ነህ። ከገበያ ዓሣ ገዝቼ ስገባ አባባ ጅራቱን ዳሰስ አድርጎ "ታላቅህ ቢሆን ይቺን መልሶ ውሃ ውስጥ ነበር የሚጥላት" ይላል። እኔ የገዛሁትን እየበላ አንተን ያመሰግናል! ወንድም ጋሼ፣ ይህ ሰው የሚችለው ነገር ነው?

እልህ ያዘኝ። ጠዋት ጠዋት ሱቄን ዘግቼ፣ ቤት ማንም ሳያውቅ፣ ጀልባ ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩና አስተምረኝ አልኩት። ሬንጅ በነካ እጁ ጺሙን እያከከ ከላይ እስከ ታች አየኝና "በዚህ በተተኮሰ ሱሪ?" ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቢሆንም አስተማረኝ። አራቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ስለሆኑ አንድ ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ ጠባያቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ጥልቀት ስለሌለው ፀሐይ ሞቅ ሲል ዓሣው ሁሉ ሸሽቶ መሃል ይገባል። ሁለተኛው ጭቃ ነው፤ ከአምባዛ ሌላ አይገኝበትም፣ እሱም ትል ካላየ አፉን አይከፍትም። አራተኛው ነፋስ ስለሚነሳበት ጀማሪ አይጠጋውም። ቆሮሶ የሚርመሰመስበት ሦስተኛው፣ ሸምበቆ የበዛበት ነው። እዚያ ግን ሕግ አለ፤ እያንዳንዱ አጥማጅ ቦታው ላይ እንጨት ተክሎ ጨርቅ ያስርበታል። ጨርቁ ቀለም ካለው ባለቤት አለው፣ አትጠጋም። ፀሐይ በልቶት ከነጣ ግን ባለቤቱ ትቶታል ማለት ነው፣ ቀድሞ የደረሰ ይይዘዋል።

እኔም ከሸምበቆው ጥግ ነጭ የሆነ ጨርቅ አየሁና መንጠቆዬን ጣልኩ። በሦስት ቀን ያወጣሁትን ብነግርህ አታምነኝም። ጀልባ ጠጋኙ እንኳ መሳቁን ተወ። አባባ ምን ይል ይሆን እያልኩ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር።

በአራተኛው ቀን አባባ ራሱ መጣ። አንዱ አጥማጅ በራችንን አንኳኩቶ "ትልቁ ልጅህ ቦታ ላይ ሰው ተቀምጦ ያጠምዳል" ብሎት ኖሯል። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ ያን ሁሉ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ምርኩዝ፣ እየተደናቀፈ መጣ። ሊጮህብኝ መስሎኝ ነበር። ፊቱ ግን በርቷል፤ እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም። ትከሻዬን ያዘ፣ ፊቴን በሁለት እጁ ዳሰሰና "አንተ ነህ እንዴ?" አለኝ። እጁን አወረደ። አንተ የመጣህ መስሎት ነበር።

ሁሉን የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቦታው ያንተ ነው። ከሄድክ ጀምሮ ጨርቁ በነጣ ቁጥር ከሸሚዞችህ እየቀደደ አዲስ ያስርበት ነበር፤ ዘንድሮ ዓይኑ አልታዘዝ ስላለው ነው የነጣው። ያን ባለ ሰማያዊ መስመር ሸሚዝህን ለጓደኛዬ ሠርግ ልልበሰው ብዬ ብለምነው፣ የሰው ንብረት ነው ብሎ ከልክሎኝ ነበር። ለካ ለእንጨት አልብሶታል! ቀናሁ፣ ወንድም ጋሼ። እንደ ሕፃን ቀናሁ።

"በል፣ ከሳጥኑ አንድ ሸሚዙን አውጥተህ ቆርጠህ እሰርለት" አለኝ። ሳጥኑን ብከፍተው ባዶ ነው። ሸሚዝህ አልቋል። ልነግረው አፌን ከፍቼ ፊቱን ሳየው አቃተኝ። የራሴን ሸሚዝ፣ የምወደውን፣ ቀደድኩና፣ ልማድ አይለቅ፣ ጠርዙን ቀምቅሜ ሰጠሁት። በጣቶቹ ፈተግ ፈተግ አደረገው፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፣ "የሱ ነው፣ ጠረኑን አውቀዋለሁ" አለ። ወስጄ አሰርኩት። አሁን ቦታህ ላይ የሚውለበለበው የኔ ሸሚዝ ነው፤ እኔ ግን እዚያ ማጥመድ አይፈቀድልኝም።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር "ቦታውን ለታናሼ ለቅቄለታለሁ" ብለህ እንድትጽፍለት ልለምንህ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ያን ብትጽፍ አባባ የሚሰማው አልመጣም ማለትህን ብቻ ነው። ስለዚህ አትጻፍ። ወይ ራስህ ና፣ ወይ አንድ ሸሚዝህን ላክልኝ። አዲስ እንዳትልክ፣ የለበስከውን፣ ሳታጥበው።

ባለቤትህን ከአንገቴ ዝቅ ብዬ እጅ ነሥቻለሁ። ትልቋ ልጅህ ቁመቷን ትላክልኝ፣ ቀሚስ እሰፋላታለሁ። ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። እማዬ አንገትህን ስማሃለች፤ አንድ መስመር ለመጻፍ እጁን ያመዋል ወይ ብላለች። አባባ ምን እየጻፍኩ እንደሆነ ሲጠይቀኝ ሰላምታ ነው አልኩት። "ቦታህ እንዳለ ነው በለው" አለኝ። ቦታህ እንዳለ ነው።

ታናሽ ወንድምህ፣ ልብስ ሰፊው
ከሐይቆቹ መውረጃ፣ ከሱቄ
ጥቅምት 9 ቀን