የእትዬን ድምፅ ከገዛ ጆሯቸው ስለወሰድንበት ቅዳሜ

ለተከበሩ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንን ያስደነቀውን የጆሮዎን ጤና እየተመኘሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ከድምፅ ማደባለቂያው ከሚክሰሩ ጀርባ ቆሜ የታዘዝኩዎ የድምፅ ባለሙያ ይህን ደብዳቤ በአክብሮት ጽፌ በአዳራሹ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ወደ ቢሮዎ ያላስገባሁት በንቀት አይደለም፤ እትዬን ያዋረድናቸው በሰው ፊት ስለሆነ ነው።

፩. አንጋፋዋ ድምፃዊታችን እትዬ ሁለተኛውን ዘፈን እንደጀመሩ እርስዎ ከፊት ወንበር ወደ እኔ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ እንዳደርግ በመዳፍዎ ምልክት ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። አብራቸው የምትዘፍነው የእህትዎ ልጅ ጎልታ እንድትሰማ መፈለግዎ የአጎት ወግ ነውና አልቀየምዎትም።

፪. እኔም ታዝዤ ዝቅ አደረግሁ። ላላወቀ ሰው ለማስረዳት፣ ከሚክሰሩ የሚወጣው ድምፅ አንድም ለታዳሚው ወደ ትልልቆቹ ስፒከሮች ይሄዳል፣ አንድም ዘፋኙ ራሱን እንዲሰማበት እግሩ ሥር ወዳለው፣ ሞኒተር ወደሚባለው ትንሽ ስፒከር ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ሁለቱን መንገዶች የምትለይ፣ ሲጫኗት ቀይ የምትበራ ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷ ከበራች ለአዳራሹ የቱንም ያህል ብቀንስ የዘፋኙ ሞኒተር አይነካም። ያን ቀን የሁሉንም ተጭኜ የእትዬን ረሳሁ። ስለዚህ ለእርስዎ ደስታ የቀነስኩት ድምፅ ከሞኒተራቸውም ቀነሰ። በከበሮውና በኪቦርዱ መሃል ድምፃቸው ጠፋባቸው፣ ከቅኝት ወጡ፣ ታዳሚውም ሳቀ።

፫. እርስዎ ወዲያው መድረክ ላይ ወጥተው፣ ማይኩን ከእጃቸው ተቀብለው፣ «እናታችን ጆሯቸው ደክሟል፤ ከእንግዲህ ይረፉልን» በማለት ስላስጨበጨቡላቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሠላሳ ዓመት የቆሙበትን መድረክ በአንድ ጭብጨባ፣ ሰኞ ደግሞ በግማሽ ገጽ የስንብት ደብዳቤ መዝጋት የእርስዎን ያህል ቅልጥፍና ይጠይቃል።

፬. ይህኛው እርስዎን አይመለከትም። እትዬ ከመድረክ እንደወረዱ ሚክሰሩ አጠገብ መጥተው ቆሙና «ልጄ፣ እውነት ጆሮዬ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያልበራችውን ቁልፍ እያየሁ፣ ገመድ መጠቅለል ጀመርኩና «ደክሞዎት ይሆናል፣ ይረፉ» አልኳቸው። እንጀራዬን ፈርቼ ነው። ልጃቸው እንደነገረችኝ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሲያንጎራጉሩ በመሃል ያቆሙና ልክ መሆናቸውን እሷን ይጠይቃሉ። ይህን ከሰማሁ ጀምሮ በእትዬ ሰፈር ማለፍ አፍሬ ዙሪያውን ነው የምሄደው።

ዛሬ ጠዋት ግን አልዞርኩም። ቤታቸው ሄጄ እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን ግልባጭ በእጃቸው ሰጠኋቸው፤ ሁለት ጊዜ አነበቡትና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። የሚገባኝ ነው። የእኔ ጥፋት በአንድ ጣት የሚታረም ነበር፤ የእርስዎ ዛሬም በአንድ ፊርማ ይታረማልና እትዬን ወደ መድረካቸው እንዲመልሱልኝ እለምናለሁ።

ከወንበርዎ ከፍታና ከመዳፍዎ ምልክት በታች ሆኜ፣ ምናልባትም ለመጨረሻ ጊዜ፣

ታዛዥዎ የድምፅ ባለሙያ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ልምምድ ላይ የእህትዎ ልጅ ሞኒተር ገመዱ ወልቆ ነበር። ሁለት ስንኝ ሳትዘፍን ከቅኝት ወጣችና አቆመች። እርስዎም ሮጠው መጥተው እኔን ተቆጡኝ። ስለ ጆሮዋ ግን አንድም ቃል አልተናገሩም።