የአንድ ምርጫ ዕድሜ

ሰኞ
ሦስት መስመር ጽፌ ቆምኩ። የቀድሞውን የምርጫ ክልላችንን ታሪክ እንድጽፍላት የጠየቀችኝ መምህርት ዓርብ ትፈልገዋለች። መቼ ተቋቋመ፣ እነማን ተወዳደሩ፣ ይኼ ቀላል ነው። አንድ ምርጫ ብቻ አካሂዶ ለምን ከጎረቤቱ ጋር ተቀላቀለ የሚለው ላይ እጄ ከበደኝ። ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? መራጭ መዝጋቢው እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ከባለሱቁ በቀር ያናገረኝ ሰው የለም። እሱም «ስኳር አልቋል» ነው ያለኝ።

ማክሰኞ
እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፈው። ያኔ ለምዝገባው ገደል ለገደል፣ ቤት ለቤት መዞር ሰለቸኝ። የቄስ ልጅ አይደለሁ? የደብሩን የምእመናን መዝገብ ተውሼ ቁጭ ብዬ ገለበጥኩ። ሸጋ ጽሕፈት! ስሙ ግን ሁሉ የክርስትና ስም ነው። በምርጫው ቀን ሰዉ የቀበሌ መታወቂያ ይዞ መጣ። መታወቂያው ላይ አዱኛ፣ መዝገቤ ላይ ወልደ ገብርኤል። ስምህ የለም እየተባለ ስንቱ ተመለሰ። ኋላም «መራጭ የለውም» ተብሎ ክልሉ ታጠፈ።

ዕጩያችን አያ ደሴም ተሸነፈ። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ዓይኑን ማየት አቅቶኝ ጎንደር ገባሁ፤ ይኸው ቀረሁ።

ረቡዕ
«በአስተዳደር ምክንያት ተቀላቀለ» ብዬ ጻፍኩ። ቀደድኩት። መጀመሪያ ለእሱ መንገር አለብኝ።
ለነገ፦ ጋቢ፣ የመዝገቡ ቅጂ፣ ወኔ። ሦስተኛው የለኝም።

ሐሙስ
ሚኒባሱ አገሬ ድብ ባሕር አወረደኝ። አያ ደሴ ደጁ ላይ ብቻውን ፀሐይ ይሞቃል። ዓይኑ ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቀኝ። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኩት።

ለካ የዚያኑ ዕለት አውቆታል። እሱም ስሙን አጥቶ፣ ለራሱ እንኳ ሳይመርጥ ነው የተመለሰው።

«ክልሉስ ይሙት። አንተ ምነው ጠፋህ?» አለኝ።

አለቀስኩ። አላፍርበትም።

የክርስትና ስሙን ነግሮኝ ከመዝገቡ ፈልጌ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ኃይለ ኢየሱስ። «ይኼን ስም የሚያውቁት እናቴ፣ ሚስቴና የንስሐ አባቴ ነበሩ። ሦስቱም አልፈዋል፤ የደብሩም መዝገብ ጠፍቷል። ስሞት ለፍትሐቱ ቄሱ የክርስትና ስሜን ሲጠይቅ፣ ካንተ በቀር ማን ይነግረዋል?» አለ።

ዓርብ
እውነቱን ጽፌ ለመምህርቷ ሰጠሁ። አንብባ ቀና ብላ አየችኝ። መዝገቡንም ፈልጋ ነበር። ገና የሚያስፈልገው ሰው አለ ብዬ ይዤው ተመለስኩ።

ስልክ ቁጥሬን ለአያ ደሴ ጎረቤት ትቼላታለሁ፤ ድንገት አንድ ነገር ቢሆን እንድትደውልልኝ። ባትደውል እወዳለሁ። እሑድ ራሴ እሄዳለሁ።