አዋሽ የሚቀርበት ሐይቅ

ለውዷ ባለቤቴ ለአስካለ፤ እንደምን ሰነበትሽ ማለት ከሞት ወዲያ ላለ ሰው ባይሆንም እጄ ሌላ አጀማመር አልለመደም። ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የቤታችን ክዳን ታድሷል። የተከልሽው ጌሾ ከአጥሩ በላይ ሆኗል። ልጃችን ደስታም ቁመቷ አንቺን ሊደርስ ነው።

ከአንኮበር አፋፍ ቆመን ቆላውን ስናይ፣ አዋሽ መጨረሻው የት ነው እያልሽ ትጠይቂኝ ነበር። እኔም ያን ያህል ርቄ ነግጄ አላውቅም ነበር። ዘንድሮ ለጨው ስወርድ እስከ መጨረሻው ዘለቅሁ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፣ አስካለ። በረሃው መካከል ጨዋማ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ዳሩ ረግረግ ነው፤ ውኃው የሸሸበት መሬት ነጭ ቅርፊት ያወጣል፤ ከብት አይጠጣውም።

ሕይወት የለበትም ብዬ ነበር። ስንጠጋ ግን ሐይቁ በወፍ ቀልቷል። እግራቸው ረጅም፣ አንገታቸው ቀጭን ነው፤ አፋቸውን ገልብጠው ውኃውን ያጣራሉ። ምን አግኝተው ይሆን ብዬ በእፍኜ ብዘግን፣ ውኃው እንደ ጎመን ቅቅል አረንጓዴ ነው፤ ከተልባ ፍሬ ያነሱ ነገሮችም ይርመሰመሱበታል። ቀመስሁት፤ ምላሴን አቃጠለኝ። እዚህ ላይ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ።

ሐመዱ የሚባል አፋር መንገድ መሪያችን፣ ከዳሩ ራቅ ብሎ በረግረጉ መካከል ወፎቹ የሠሯቸውን የጭቃ ጉብታዎች አሳየኝ። በየጉብታው አናት አንዳንድ እንቁላል አለ። ጅብም ቀበሮም ያን ጭቃ አይሻገርም አለኝ። ወንዱና ሴቷ እየተፈራረቁ ያቅፋሉ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይነሣል። ጫጩቶቻቸው ግን ግራጫ ናቸው።

የመንገድ ጓደኛዬ ጎበዜ ላባቸውን ተመኝቶ ጠመንጃውን አነጣጠረ። ሐመዱ፣ "ተኩስ ከሰሙ እንቁላሉን ጥለው ይሄዳሉ፤ አይመለሱም" አለው። አልሰማም። አፈሙዙን ይዤ ወደ መሬት ደፋሁት። ጎበዜ እየተቆጣ ጠመንጃውን አነገተ፤ ወፎቹ ግን ከጉብታቸው አልተነሡም።

ቤት ገብቼ ይህን ሁሉ ለደስታ አወራሁላት። አበላላቸውን አንገቴን ገልብጬ ሳሳያት ሳቀች፤ ከቀብርሽ ወዲህ ሳቋን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ፣ "አባዬ፣ ጫጩቶቹ መቼ ነው የሚቀሉት?" አለችኝ።

አላውቅም አልኋት። እኅቶችሽ ሴት ልጅ በረሃ አትወርድም ብለው ቢቆጡም፣ በሚመጣው በጋ አብራኝ ትሄዳለች፤ በቅሎዋን ገዝቻለሁ። እስትንፋሴ እስካለች አልረሳሽም። ስንመለስ ከመቃብርሽ አጠገብ ተቀምጠን፣ ያየነውን እሷ ትነግርሻለች።