ደንገሉ ላይ የተጻፈው ስሜ

ካሱ ባልንጀራዬ፣

እዚህ ሲራኩዛ፣ የጣሊያን ባሕር ዳር ከተማ፣ መሀል ከተማ ካለ ምንጭ ውስጥ ደንገል በቅሏል! ከአባያ ሐይቁ ይረዝማል ብልህ አትቆጣ። ልሸጥ በመጣሁበት ባዛር ሸማዬን ዞር ብሎ ያየ ስላልነበረ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ከደንገል ወረቀት የሚሠሩ ሮዛልያ የሚባሉ አሮጊት "እስቲ ሞክር" አሉኝ። የደንገሉን ስንጥቅ እንደ ድርና ማግ አነባብሬ ደረደርኩት። በሦስተኛው ቀን ሲደርቅ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት፤ አንድም ቀዳዳ የለውም።

"ማን አስተማረህ?" አሉ በባዛሩ አስተርጓሚ በኩል።

"የዶርዜ ሸማኔ ነኝ እኮ!"

"ኦይታ፣ ዶርዜ" ብዬ በፊደላችን እንድጽፍበት አድርገው ከራሳቸው ሥራ ጎን ሰቀሉት። ዛሬ መሸመኛዬን ሱቃቸው ውስጥ አስተከሉኝ፤ ሰዉ በሩ ላይ ተጋፋ! ለሚስትህ ለዘርፈሽና ለጨንቻ ሰዎች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እናቴን ግን አንተው ራስህ ሄደህ "ልጅሽ ኮራ" በላት።

ኦይታ