መርዶ ከሰው አፍ

መስከረም 24
ቅዳሜ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። አባባ የወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተቀምጧል። ግሪኩ አያቴ ያኒ የተከለው ወፍጮ መፍጨት ካቆመ ስንት ዓመቱ! የቡሬ ሰው ግን አባባን ዛሬም «ግሪኩ ክንዱ» ነው የሚለው። የድሮ ጋዜጣውን፣ «ማረሻ»ን፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶታል። ምስጥ ገብቶበታል። «አንባቢ ያጣውን ምስጥ አነበበው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ብሏል… እሱ ቀልዱን አይተውም።

ልወጣ ስል «በለጠች ደኅና ናት ይሆን?» አለ። የትኛዋ በለጠች? ጋዜጣውን ማገላበጥ ጀመረ።

ጥቅምት 1
ዛሬ ነገረኝ። ለምን የቴሌቪዥን ሥራውን ተውክ ብዬ ስንቴ ጠይቄዋለሁ! ደከመኝ ነበር የሚለኝ።

ከሰባት ዓመት በፊት ነው። ባሕር ዳር፣ ፕሮግራሙ በቀጥታ እየተላለፈ… አውቶቡስ ተገልብጦ የሟቾች ስም እጁ ገባ። ከሌሎች ልቅደም ብሎ አነበበው። ሦስተኛው ስም ሰውነት ይላል፣ የቡሬዋ የእማማ በለጠች አንድ ልጅ። እሳቸው ደግሞ «የአገራችን ልጅ» ብለው ቤታቸው በቴሌቪዥን እሱኑ እያዩ ነበር። ሽማግሌ ሳይሄድ፣ ጎረቤት ሳይሰበሰብ ሰሙት። ሠላሳ ዓመት በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ስለ ባላገር ወግ ሲያወራ የኖረ ሰው… ለእናት መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠፋው?

ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ነበር። «ራሱ ይምጣ» ብለው መለሷቸው። ራሱ አልሄደም። ፈሪ! አልኩት በልቤ። ደግሞ አሳዘነኝ።

ጥቅምት 8
በባጃጅ ወደ እማማ በለጠች ቤት ወሰድኩት። ደጃፋቸው ላይ ድንጋይ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። እማማ በለጠች ወጡ።

«ጣለው! በዚህ ልብህ ደጄ ላይ ልትሞትብኝ ነው?»

ጣለው። «እህቴ…» አለ። ማይክ ፊት ቃል ጠፍቶት የማያውቅ ሰው!

«ተናገራ! ያን ጊዜ ምላስህ ቸኩሎ አልነበር? ልጄን አንተ አልገደልኸው። ግን መርዶየን ከሳጥን ሰማሁት፣ ክንዱ። ማንም ሳይዘኝ።»

አባባ አለቀሰ። እሳቸው «ሂድ፣ ፀሐዩ ሳይበረታብህ» ብለው ገቡ። ይቅር አላሉትም።

ጥቅምት 15
የማስተምርበት ትምህርት ቤት ስብሰባ ነበረብን፣ ቡሬ አልሄድኩም። ደወልኩ። «እማማ በለጠች መጡ?»
«አልመጣችም። በሩን ግን ከፍቼ ነው የምውለው።»

ጥቅምት 18
እንግዳ ቀን። ስልኬን ጠዋት ቻርጅ ላይ ትቼው ሄድኩ፤ ስመለስ የለም። አከራዬ እትዬ አደይ «እኔ ነኝ የወሰድሁት፣ የኔው ተበላሽቶብኝ። ነገ እመልስልሻለሁ» አሉ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «ነገ አትግቢ፣ እኔ እሸፍንልሻለሁ» አለኝ። ለምን? እትዬ አደይ ራት አመጡልኝ፣ እስክጨርስ ቆመው ጠበቁ። ዓይናቸው ቀልቷል። ጉንፋን ነው አሉ…

ጥቅምት 25
ዛሬ ገና ብዕር ያዝኩ።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቆሟል። ከፊት እማማ በለጠች። ለካ ለእትዬ አደይ አስደውለው ስልኬን ያስያዙት እሳቸው ናቸው፤ ማታውኑ ከቡሬ መጥተው እትዬ አደይ ቤት ነው ያደሩት። ሁለት እጄን ያዙኝ። ሁለት ሴቶች ከኋላ ደገፉኝ። ገባኝ።

«ልጄ… አባትሽ ትናንት አረፈ። ይቅር ልለው ስሄድ በሩ ክፍት ነው፣ እሱ ግን ቀድሞኝ ሄዷል። ለሱ ሳልነግረው ቀረሁ። ያንቺን መርዶ በመንገር ግን ማንም አይቀድመኝም አልሁ።»

ጮህኩ። አልለቀቁኝም። በዚያው ይዘውኝ ቡሬ ሄዱ፣ ቀበርነው።

ስልኬ ዛሬ ተመለሰልኝ። ፌስቡኩ ሁሉ የአባባ ፎቶ ነው። «አንጋፋው ጋዜጠኛ»፣ «ተወዳጁ አቅራቢ»… የመጀመሪያው የተለጠፈው ጥቅምት 18፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር።

እኔ ግን ከሰው ነው የሰማሁት። እጄን ተይዤ።